ቀኝ እጄን ያነሣሁ ቀን

ትናንት ጥቁር የሱፍ ቀሚስሽን ስተኩስልሽ፣ ከካውያው ሥር የወጣው የረጠበ ሱፍ ሽታ ሥራዬን አስቆመኝ። አንቺ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አልሽኝ። ምንም አልኩሽ። ዛሬ ግን ልንገርሽ።

አንቺ ገና ሳትወለጂ ነው። ፔርሜሶ የሚሉት የጣልያን መኖሪያ ፈቃድ አልነበረኝም። ፖሊስ ካየሁ መንገድ እሻገር ነበር፤ ዩኒፎርም ስላለው የአውቶቡስ ተቆጣጣሪውንም እሸሸው ነበር። የቤት ሠራተኝነት ሥራ ያገኙልኝ ያገራችን ካቶሊክ መነኩሲት ናቸው። «አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው፣ ባለቤታቸው የሮም ሰው ናቸው። በአገራቸው የፌዴራል ዳኛ ነበሩ፣ ፕሬዚዳንት የሾማቸው። እንዲህ ያለ ዳኛ እስኪሞት ድረስ ዳኛ ነው» አሉኝ። ለማስደሰት ነበር የነገሩኝ፤ እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። ሲኞራዋ፣ የዳኛው ባለቤት፣ መነኩሲቷን አምነው ወረቀት ሳይጠይቁ ተቀበሉኝ።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ለባልንጀራዬ ብነግራት በሳቅ ፈረሰች።

«አንቺ፣ ከፖሊስ ሸሽተሽ ዳኛ ጓዳ ገባሽ? አሎራ፣ እንግዲህ መንገድ አታደክሚያቸውም፤ እዚያው ቤታቸው ይፈርዱብሻል» አለችኝ።

እኔ አልሳቅኩም።

ቤቱ ጭር ያለ ነበር። በመስኮቱ መዝጊያ ስንጥቆች የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ቀጭን ቀጭን ሆኖ ይተኛል። ዳኛው የድሮ ጥቁር የሱፍ የችሎት ካባቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅለውት ነበር፤ ብል እንዳይበላው አልፎ አልፎ እያወጣሁ፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌ እተኩሰዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ኮቴያቸውን በሰማሁ ቁጥር የያዝኩት ሁሉ ከእጄ ሊወድቅ ይደርስ ነበር። ጣልያንኛቸው ከእኔ አይሻልም፤ ቀስ እያልን እንግባባለን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሲኞራዋ ሐኪም ዘንድ ሄደው ሳለ፣ ካባውን ስተኩስ ዳኛው ማድቤት መጥተው ተቀመጡ። ስለ ሥራቸው ያወሩልኝ ጀመር። ሱቅ እየጠረጉ መማራቸውን፣ መጀመሪያ ጠበቃ፣ ቀጥሎ ዐቃቤ ሕግ፣ ኋላም ዳኛ መሆናቸውን፣ ጠጉራቸው እዚያ ወንበር ላይ መንጣቱን ነገሩኝ። ምስክር እንዴት እንደሚምል ሊያሳዩኝም ቀኝ እጃቸውን አነሡ።

«አንቺም አንሺ» አሉኝ።

አነሣሁ።

«እውነቱን ብቻ ልትናገሪ ትምያለሽ?»

«እምላለሁ።»

ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። ዳር ዳሩን ሳቅ እንደነበረበት ያስተዋልኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ መሐላ ጨዋታ አይደለም። አባቴ «በሐሰት የማለ፣ ልጅ አይወጣለትም» ይሉ ነበር። እጄ አንዴ ተነሥቷል፤ የሚጠይቁኝም አንድ ነገር ብቻ መሰለኝ። ስለዚህ ቀደምኳቸው።

«ፔርሜሶ የለኝም፣ ጌታዬ። ሲኞራዋም አያውቁም። መነኩሲቷን ብቻ አይንኩብኝ።»

እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «እኔ ልጠይቅሽ የነበረው ብስኩቱን ማን እንደጨረሰው ነው» አሉ። ማናችንም አልሳቅንም። ካባቸውን እያዩ «አንቺን የመሰለች ሴት አንድ ቀን ፊቴ ቆማ ነበር» አሉ። «ከአገራችን አባረዋት፣ ድንበር ተሻግራ ተመልሳ የመጣች። ሕጉ ግልጽ ነበር። ፈረድኩባትና ሄጄ ምሳዬን በላሁ።»

ከዚያ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ሻንጣዬን አሰርኩ። የት እንደምሄድ ግን አላውቅም። ሊፍቱ በጮኸ ቁጥር ሁለት ፖሊስ ይታየኝና እመቤታችንን እለምናለሁ። አሁንም እኮ፣ ዜግነት አግኝቼ እንኳ፣ ፖሊስ ሳይ ቦርሳዬን እዳብሳለሁ፤ አንቺ ትስቂብኛለሽ።

ሲመለሱ ብቻቸውን ነበሩ። የሲኞራዋ ዘመድ የሆነ ጠበቃ ዘንድ ሄደው ኖሯል።

«መንግሥት ለቤት ሠራተኞች ወረቀት ሊሰጥ ነው ይባላል። እንጠብቃለን» አሉኝ።

«እስከዚያ ቢይዙኝስ?»

«ቢይዙሽ አብሬሽ እመጣለሁ። ሻንጣሽን ፍቺ።»

አዋጁ እስኪወጣ በፍርሃት ከረምኩ። ሲወጣ ማመልከቻ ልናስገባ አብረን ሄድን። ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮታል፣ ዝናቡም ያካፋል። የአሠሪነት ፊርማቸው ብቻ ይበቃ ነበር፤ እሳቸው ግን አጠገቤ ቆሙ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት «አንተ ሽማግሌ፣ ወደ ኋላ» ብሎ ጮኸባቸው። አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ክንዳቸውን ስይዝ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቆፈኑ ነው?» አልኳቸው።

«አይደለም። እኔም ስትራኒዬሮ፣ የውጭ አገር ሰው ነኝ፤ የኔንም ወረቀት የሚያድሱት እነዚሁ ናቸው» አሉኝ በሹክሹክታ።

ፔርሜሶዬ ሲደርስ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ከዚያ አልጋም አልተነሡም። ይዤላቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ማንበብ አልቻሉም፤ ፎቶዬን በጣታቸው ዳበሱት። ያን ሁሉ ጊዜ እፊታቸው ተቀምጬ አላውቅም ነበር። «ተቀመጪ እንጂ» አሉኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ሲኞራዋ እስኪመጡ ድረስ እጃቸውን ይዤ ቆየሁ።