ተገልብጦ የተለበሰ በርኖስ

መሐል ሜዳ በግንቦትም ይበርዳል። ጠዋት ያለ በርኖስ ከቤቱ የወጣ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ በርኖሱን ሸጧል። እንደ ቀንድ የቆመ ጫፍ ያለው ያ ጥቁር የበግ ጠጉር ካባ ትከሻ ላይ ካልታየ ሰውየው በሩቅ አይታወቅም።

ያን ዓመት ድንበር ላይ ጦርነት ነበር፤ ምርጫም ነበር። በግሉ የሚወዳደር አንድ የከተማችን ነጋዴ ለምልክቱ በርኖስን መረጠ። ሌሎቹ ግድግዳ ላይ ወረቀት ሲለጥፉ እሱ ገበያ መሃል ቆሞ፣ «እኔ ምን አደከመኝ? የኔን ፖስተር እናንተው ለብሳችሁት ትዞራላችሁ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግን አልሳቀም።

የምርጫው ዕለት የጣቢያው ኃላፊ አጥሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። መምህር ነው፤ መመሪያ ሲያነብ አንዲት ቃል አይዘልም።

«የተወዳዳሪ ምልክት ይዞ መግባት ክልክል ነው። በርኖሳችሁን እያወለቃችሁ!»

ከሰልፉ ፊት የነበረው ሰው መምህሩን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ሌሎችም ተከተሉት። ወዲያው ሊቀመንበሩ እያለከለከ ደረሰ። ከበላይ የታዘዘው አንድ ነገር ነበር፤ ሳይመርጥ የሚቀር ሰው እንዳይኖር።

«መምህር፣ ምን እየሠራህ ነው? የሞላሌ ሰዎች መርጠው ሊጨርሱ ነው አሉ!»

«በርኖስ እንዳይገባ ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«በርኖሱ አይግባ አልኩ እንጂ ሰውየው አይግባ አልኩ?»

ጥግ ይዘው ተመካከሩ። ከዚያ መምህሩ ውሳኔውን አሰማን። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የታተመው በርኖስ በደህናው በኩል የሚታይ ነው፤ ስለዚህ ገልብጦ የለበሰ ሰው ምልክት አልለበሰም። የሄዱት ተጠርተው መጡ። ሁላችንም ገለበጥን፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ወጣ።

በእኛ አገር ልብሱን ገልብጦ የሚለብስ ሐዘንተኛ ነው። ከዘመሮ በኩል ገብስ ጭና የመጣች ሴት አጥሩን ተከትሎ የተሰለፈውን ሕዝብ ስታይ አህያዋን ለቃ ደረቷን መታች።

«ወይኔ! ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም! ምርጫ ነው!» አለ ሊቀመንበሩ።

«ታዲያ እንዲህ ያሳዘናችሁ ማን ሊመረጥ ነው?»

ሰልፉ በሳቅ ተናወጠ። ከፊቴ የቆሙት ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። ጎረቤታችን ናቸው፤ ከንጋት ጀምሮ ቆመዋል፤ በርኖሳቸውም እንደነበረ ነው።

«አባባ፣ ይገልብጡት እንጂ» አለ ሊቀመንበሩ።

«አልገለብጥም። ልጄ ግንባር ነው። በቁሙ ላልቅስበት?»

«ለአፍታ ነው።»

«ለአፍታስ ይለቀሳል?»

«እንግዲያው ያውልቁት።»

«በዚህ ሳል ላይ ላውልቅና ልሙት? ያን ጊዜ እናንተም የምር ትገለብጣላችሁ።»

«ካልሆነ ቤትዎ ይግቡ» ሊል አፉን ከፍቶ ዋጠው፤ ሳይመርጥ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ታዟል። ሽማግሌው ወደ መምህሩ ዞሩ።

«መምረጥ እፈልጋለሁ። ልጄ ሲመጣ ‹መረጥክ ወይ?› ማለቱ አይቀርም። አንተም ታውቀዋለህ፤ አስተምረኸዋል።»

መምህሩ መመሪያውን አላነበበም። ኮቱን አውልቆ አለበሳቸው። እጅጌው አጥሯቸው ክንዳቸው ላይ ቀረ። በርኖሳቸውን አደራ ብለው አስያዙትና ገቡ።

ወዲያው በረዶ መጣ። መምህሩ በሸሚዝ ብቻ፣ በርኖሱን በሁለት እጁ ታቅፎ ጥቂት ታገሠ። ከንፈሩ ሲጠቁር ግን ለበሰው፤ በደህናው በኩል፣ ቀንዱን አቁሞ።

«መምህር!» ሊቀመንበሩ ጮኸ። «የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ሆነህ ምልክት ትለብሳለህ?»

«የሰው አደራ ነው፤ ብገለብጠው ምን ልላቸው ነው?»

«አውልቀዋ!»

«በመጀመሪያ ኮትህን አምጣ።»

ሊቀመንበሩ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ከሰልፉ አንዱ በርኖሱን አቃና፤ ቀጥሎ ያለውም አቃና። የሚከለክል አልነበረም፤ ከልካዩ ራሱ ለብሷል።

ሽማግሌው ጣታቸው ላይ ቀለም ይዘው ወጡ። በርኖሳቸውን አልጠየቁም። በረዶው እየወረደባቸው ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። እኔ ብቻ በርኖሴን እንደገለበጥሁ መመሪያው መሻሩን የሚናገር ሰው እየጠበቅሁ ነበር።

«አንተስ ምን ትጠብቃለህ?»

አውልቄ አቃናሁት። ኮቱን ለመምህሩ የመለሱለት ያን ጊዜ ነው።