ከመሪው ላይ የምትነሣ ጣት

አሮጊቷ ከፓይንሪጅ ሰፈር ተሳፍረው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲጓዙ፣ ባለታክሲው መኳንንት በመስታወቱ በጥርጣሬ ይከታተላቸው ነበር። በጠራራ ፀሐይ የጎማ ቦት ተጫምተዋል፤ ከንፈራቸውን ደማቅ ቀይ ተቀብተዋል፤ ከፊት ለፊት መኪና በመጣ ቁጥር ደግሞ አንዲት ጣታቸውን ከጉልበታቸው ላይ ብድግ ያደርጋሉ።

«ማዳም፣ ለማን ነው ምልክት የሚሰጡት?» አላቸው ኮስተር ብሎ።

አሮጊቷ እንደ ልጃገረድ ሳቁ። «እየተለማመድኩ ነው፣ ልጄ! አገሬ አየርላንድ ልገባ ነው። በእኛ የገጠር ከተማ፣ ሾፌር ሁሉ፣ እጁን ከመሪው ሳይለቅ፣ ላገኘው ሰው በአንዲት ጣት ሰላምታ ይሰጣል። ወንድሜ ግን ከተጣላን ወዲህ ለእኔ አንሥቶ አያውቅም። ነገ መኪና ተከራይቼ፣ ወተት ጭኖ በሚያልፍበት መንገድ እመጣበታለሁ።»

«ባያነሡልዎትስ?»

«ከነገ ወዲያም እመጣበታለኋ! ካነሣልኝ ግን በቀጥታ ከላሞቹ በረት ነው የምገባው። ቦቱን ለምን ያደረግሁት መሰለህ?»

መኳንንት ሻንጣቸውን አውርዶላቸው ወደ መሪው ተመለሰ። አሮጊቷ ከማረፊያው መግቢያ በር ላይ ዞር ብለው ጣታቸውን አነሡ። እርሱም ማንም እንደማያየው ግራ ቀኙን ካረጋገጠ በኋላ፣ የራሱን ጣት ከመሪው ላይ ብድግ አደረገ።

«እንደሱ ነው!» ብለው ጮኹ፤ በጎማ ቦት ጫማቸውም ሮጥ ሮጥ እያሉ ገቡ።