የእትዬ ዘሃራ አስተርጓሚ

ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ሊሰበስብ ቆላ ወርዶ የነበረ ተማሪዬ ከሸዋ ሮቢት የበሰለ ፓፓያ አምጥቶልኝ ቢሮዬ ውስጥ ሲቆርጠው፣ ያ ከሙቀት ጋር የሚመጣ ጣፋጭ ጠረን አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የቋንቋ ፖሊሲ ያስተማርኩት ሴትዮ መሆኔ ቀርቶ የአሥር ዓመቷ የባለሱቁ ልጅ ሆንኩ።

የጓሯችን ፓፓያ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ዘሃራ ግቢ አዘንብሎ ስለነበር ፍሬውን ግማሹን እኛ፣ ግማሹን እሳቸው እንበላ ነበር። እትዬ ዘሃራ ወተት ሻጭ ነበሩ። አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም፤ እኔ ግን በየጠዋቱ ወተት ላመጣ እየሄድኩ አጠገባቸው ስጎለት ኦሮምኛውን ሳላስበው ለመድኩት፤ እናቴም "ይቺ ልጅ የምታመጣው ወተት ብቻ አይደለም" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሲጀመር ልጃቸው አህመድ ከቤት ጠፋ። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ከአውራጃ ከመጣ ካድሬ ጋር ግቢያቸው ገባና አስተርጓሚ ሲፈለግ "የባለሱቁ ልጅ ትችላለች፤ ደግሞ ልጅ አይዋሽም" ብሎ አስጠራኝ።

በየስብሰባው ፈጣሪ የለም እያለ የሚያስተምረን ያ ካድሬ፣ ያን ቀን ቁርኣን አስመጥቶ አስማላቸው። እትዬ ዘሃራ ምለው የሚዋሹ ሰው አልነበሩም። ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ረጋ ብለው በኦሮምኛ፣ አህመድ ወንድማቸው ቤት የማሽላ ጎተራ ውስጥ መደበቁን ተናገሩ። እውነቱን ለአላህ ሰጥተው ውሸቱን ለእኔ እንደተዉልኝ ያኔ ገባኝ። ምን እደብቃለሁ፣ ሽንቴ አመለጠኝ።

"ጎተራ ነው ያለችው?" አለ ካድሬው ቀና ብሎ። ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው።

"ልጄ ከሄደ ወራት ሆነው፤ የሚያርስልኝ አጥቼ ጎተራዬ ባዶ ነው ነው የሚሉት" አልኩ። ካድሬው ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገና ሄዱ።

አህመድ ተረፈ። እናቴ ግን ነገሩን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ፤ "ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሁለተኛ በዚያ ቋንቋ ስትናገሪ እንዳልሰማ!" አለችኝ። እሷ ባትከለክለኝ እንኳ አልናገረውም ነበር፤ ለወራት የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አልጋ ሥር እገባ ነበር፤ አንዲት የኦሮምኛ ቃል ምላሴ ላይ ስትመጣ የካድሬው ዓይን አብሮ ስለሚመጣ እውጣታለሁ፤ ስውጥ ስውጥ አለቀ። ልጅ በብዙ ቋንቋ ማደጉ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ በየጉባኤው የምሰብከው እኔ፣ የራሴን በፍርሃት በልቼ ጨርሻለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ ዘሃራ ዓይናቸው ፈዟል። ሁለት እጄን ይዘው፣ እያለቀሱ፣ ረጅም ነገር ነገሩኝ፤ አንዱም አልገባኝም። አጠገባቸው የተቀመጠችው የአህመድ ልጅ የአያቷን ፊት አየት አደረገችና "ደህና ነዎት ወይ ነው የምትለው" አለችኝ።

ያ ሁሉ እንባ ለሰላምታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልጅቷ እንደ እኔ የደበቀችው ምን እንደሆነ እንደገና መጠየቅ ግን ፈራሁ።