አውራ ጣት ያረፈበት ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ የብርዱን ወራት የምናሳልፈው አማን ከተማ ዳር፣ ሳሃብ በተከራየናት አንዲት ክፍል፣ ሶባ በምንለው የጋዝ ማሞቂያ ዙሪያ ተኮራምተን ነበር። እናቴ ከፋብሪካ አምሽታ ስለምትገባ የሚጠብቁኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ነበሩ። መብራቱን አጥፍተው፣ የሶባው ቀይ ብርሃን ፊታቸውን ከታች እያበራው፣ ያሳለፉትን እንደ ተረት ያወሩልኛል። ያኔ ሌላው ልጅ ስለ ጅብ ሲሰማ እኔ የምሰማው ስለ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩም ከጅብ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

እትዬ ዘይነባ አማን እንደመጡ የተቀጠሩት ኡም ኡዘይና በሚባል ሠፈር፣ የጥንት ዕቃ የሚያጠኑ አንድ ሽማግሌ ቤት ነው። መደርደሪያው የድሮ ሰዎች ቢላ በሳሉባቸው ድንጋዮች ተሞልቷል። ሽማግሌው ማስረዳት አይታክታቸውም፤ የወንዝ ድንጋይ ዙሪያውን ይለሰልሳል፣ የቢላ መሳያ ግን አንድ ፊቱ ብቻ ለስልሶ መሃሉ ይጎደጉዳል፣ ጭረቱም ወደ አንድ ወገን ይሮጣል። ዕድሜው የሚታወቀው ከተኛበት አፈርና አጠገቡ ከተገኘው የሸክላ ስባሪ ነው። ከአፈሩ እንዲሁ ተነቅሎ የመጣ ድንጋይ ዲዳ ነው ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ የእትዬ ዘይነባ ድምፅ ዝቅ ይላል። አመሻሽ ላይ ሳሎኑን ብቻቸውን ሲወለውሉ፣ ከመደርደሪያው በኩል ብረት ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ይሰሙ ነበር፤ ዞር ሲሉ ጸጥ ይላል። እኔም እግሬን ወደ ብርድ ልብሱ እሰበስባለሁ።

አንድ ቀን አቧራ ሊጠርጉ አንዱን ድንጋይ ሲያነሱ፣ አውራ ጣታቸው ጎኑ ላይ ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ልክክ ብላ ገባች። ቀዝቃዛ ጣት መልሶ የያዛቸው መሰላቸው፤ ከድንጋጤያቸው የተነሳ መልቀቅ እንኳ አቃታቸው። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ያቺን ጎድጓዳ ይዛ ይዛ ያበጀቻት የልጅ እጅ ናት፣ የትልቅ ሰው ጣት አይገባባትም አሏቸው።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?»

ወደ አማን የላካቸው ደላላ ፓስፖርታቸው ላይ ያስጻፈው ሃያ አምስት ነው። እውነቱን ቢናገሩ ወደ አገር ይመለሳሉ፤ እዚያ ደግሞ የታመሙ አባታቸው የእሳቸውን እጅ ይጠብቃሉ።

«ሃያ አምስት» አሉ።

ሽማግሌውም ዳግመኛ አልጠየቁም።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ስሰማ የምፈራው ያንን የመፋቅ ድምፅ ብቻ ነበር። አንድ ምሽት ግን እውነተኛው ዕድሜያቸው ስንት እንደነበር ጠየቅኋቸው። እጄን ሳቡና አውራ ጣቴን በሶባው ብርሃን አገላብጠው አዩት።

«ያኔ ጣቴ ይህን ታክል ነበር» አሉ።

ያን ዓመት አሥራ ሦስት ሞልቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልፈራሁም። ዛሬ ግን አብዱን ሠፈር ውስጥ የሰው በረንዳ የምታጥብ አዲስ የመጣች ያገሬን ልጅ ሳይ፣ ከፊቷ አስቀድሜ የማየው እጇን ነው።