ከቀኝ የሚነበበው የእህቴ ግራፍ

ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ እኔ ያቃተኝን ሬዲዮ ሌላ ሰው ሠርቶት አያውቅም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማሩኝ የተቃጠሉ ሬዲዮኖች ናቸው። የሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ መኮንኖች ሳይቀሩ ይመጡልኝ ነበር። ደንቤ አንድ ነው፤ ከመክፈትህ በፊት አዳምጥ።

በታናሽ እህቴ ጭንቅላት ውስጥ ዕጢ ተገኘ። እሷ ደግሞ «ጭንቅላቴን ማንም አይከፍተውም» ብላ ድርቅ አለች። የኤምአርአይ ምስሉ ዕጢው የት እንዳለ እንጂ ዓይነቱን አልለየም። ዶክተሯ ሌላ ምርመራ እንድናሠራ አዲስ አበባ ላከችን፤ ማሽኑ ምንም ሳይቆርጥ የዕጢውን ኬሚካሎች በየሞገዳቸው ለይቶ በግራፍ ያወጣል። ወዲያው ገባኝ፤ ጣቢያ ፍለጋ ነው።

ባለሙያውን ጠይቄ፣ የጤነኛ አንጎል ምልክት ሁለት ቁጥር ላይ፣ የዕጢ መባዛት ደግሞ ከሦስት አለፍ ብሎ እንደሚታይ አወቅኩ። ድሬ ተመልሰን ዶክተሯ ጋ ሳንቀርብ ወረቀቱን ገለጥኩት። በሬዲዮ ልማድ ከግራ ጀመርኩ። በግራ በኩል ረጅም ጫፍ ቆሟል፤ ትንሹ ቁጥር፣ ሁለቱ፣ ይኼ ነው አልኩ።

«ጤነኛ ነሽ፤ መከፈት የለም!» አልኳት።

«አልነገርኳችሁም አቦ!» ብላ እልል አለች።

መነጽሬን ሳደርግ ቁጥሮቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይጨምራሉ። ልጅ ሆኜ ቁርኣን የቀራሁት ሰውዬ ይህን መሳቴ! ረጅሙ ጫፍ የዕጢው ነበር። ሁለት ቁጥር ላይ ባዶ ሜዳ ነው። ነገርኳት።

«ሬዲዮ ነኝ እንዴ አቦ? አሁን አድነህ አሁን ትገድለኛለህ!»

ዶክተሯ ያነበብኩትን ሰምታ ወረቀቱን አይታ፣ «አባባ፣ በትክክል አንብበዋል። ግን ባዶው ነው የምሥራቹ» አለች። ከራሱ ከአንጎል የሚነሳ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ከጤነኛው ምልክት ጥቂት ያስቀራል፤ ይኼ ግን ምንም የለውም። ስለዚህ ከአንጎል ሽፋን የበቀለ ይመስላል፤ እንዲህ ያለው ተላቅቆ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። እርግጡ ግን የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ነው።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «ሬዲዮ ቢሆን ትከፍተው ነበር?»

«ጥፋቱ ሽፋኑ ላይ ከሆነ? ዓይኔን ጨፍኜ!»

«አንተማ እንዳትነካኝ። እነሱ ይክፈቱኝ።»

ተከፈተች። እንደተባለውም ከሽፋኑ የበቀለ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሱቄ በር ላይ ተቀምጣ ድምፁን ቀንስ ትለኛለች።

እንግዲህ የሠራሁትን ልዘርዝር። በአራተኛ ክፍል ትምህርት የአንጎል ግራፍ አነበብኩ። ስህተቴን ማንም ሳይነግረኝ አረምኩ። መጋላ በሙሉ ለምኖ ያቃተውን እህቴን ማሳመን በአንድ ቃል ጨረስኩ። ቀዶ ሕክምናውን ብቻ አልሠራሁም፤ እሱንም ስላልፈቀዱልኝ ነው።