ስድስት የግፊት መለኪያ ይዤ ጅቡቲ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ድሬዳዋ

ሚኒባሱ ደጄ ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ሲያስጮኸው ገና ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ሰፈሩን በሙሉ ቀሰቀሰልኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ልብስ ጥቂት ነው፤ የቀረው ስድስት የግፊት መለኪያ፣ ሁለት የክብደት ሚዛን፣ አንድ ጥቅል ሰፋፊ ወረቀት። ጅቡቲ ከተማ ላሉ አማርኛ ተናጋሪ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች የሦስት ቀን ሥልጠና ልሰጥ ነው የምሄደው። ሰዎች አመጋገባቸውን፣ እንቅልፋቸውንና እንቅስቃሴያቸውን እንዲያስተካክሉ እንዴት እንደሚያግዟቸው ነው የምንነጋገረው። ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ምክር አያልቅብኝም።

እውነቱን ለመናገር የግሌም ጉዳይ አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ግርማ እዚያው ጅቡቲ ትራንዚተር ነው፤ የኢትዮጵያ ነጋዴዎችን ዕቃ ከወደብ ያስወጣል። ባለፈው ወር ቢሮው ውስጥ ተዝለፍልፎ ወደቀ። የግፊት ኪኒኑን ካቆመ ቆይቶ ኖሯል። ሐኪሙም "በዚህ ከቀጠልክ አንድ ቀን ግማሽ ጎንህ አይታዘዝህም" አለው። በስልክ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨቅጭቄዋለሁ። አሁን ደግሞ ፊት ለፊት ልጨቀጭቀው ነው።

ረፋድ፤ ወደ ደወሌ ድንበር

ሹፌራችን አብዲ ቀጭን ነው፤ ወሬው ግን ወፍራም። ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ስለሆነ ገና ከተማውን ሳንወጣ አንቺ ብሎኛል።

"ሲስተር፣ ሄደሽ ጫት ተዉ ልትያቸው ነው?"

"አንተስ ብልህ ትተዋለህ?"

"አቦ፣ እኔን ለቀቅ አድርጊኝ! እኔ ሹፌር ነኝ።"

ይህን ሲል ጫት የጫነ ፒካፕ በግራችን ተወንጭፎ አለፈን። ግራር፣ አሸዋ፣ ግመል፣ እንደገና ግራር። ድንበሩ ላይ ጫቱ ሳይቆም ሲያልፍ የእኔ ሻንጣ ተበረበረ። የጅቡቲው ፈታሽ የግፊት መለኪያውን ጎማ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ ጠረጠረኝ። ሌላ ማስረጃ ስላልነበረኝ ክንዱን ይዤ ለካሁት። ደህና ነው። ጓደኛውም እጅጌውን ሰብስቦ መጣ፤ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ አብዲ ከሩቅ "ሲስተር፣ ክሊኒክ ከፈትሽ እንዴ?" እያለ ጮኸ።

ከሰዓት በኋላ፤ ጅቡቲ ከተማ፣ የግርማ ሰፈር ካርቲየ 6

ሙቀቱ ከመኪናው ስወርድ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ግንቦት ነው። ግርማ በሽርጥ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ከስቷል። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ደግነቱ ላብ ስለነበረ እንባዬ አልታወቀም።

ምሳ የየመኖች አሣ በላን፤ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ ከምድጃ የወጣ፣ ትሪ ከሚያህል ቂጣ ጋር። ግርማ ሳይቀምሰው ጨው ነሰነሰበት።

"ጋሼ! ጨው!"

"ሻንጣሽን እንኳ አልፈታሽም እኮ።"

"ኪኒኑስ?"

"ብዪ፣ አሣው ይቀዘቅዛል።"

ቀጥሎ ነጠላ ጫማውን አድርጎ ወደ በርጫው፣ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ወደሚቅምበት ቤት ሄደ። አኩርፌ ተኛሁ።

እሑድ፤ ሥልጠናው

አሥራ አራት ሰዎች ናቸው፤ ስምንት መምህራን፣ ስድስት የጤና ባለሙያዎች። ሰፊ ወረቀት ላይ በቀይ ጻፍኩ፦ "መጀመሪያ ጠይቅ። ሳይፈቀድልህ አትምከር።" ስለ ስኳር ጉዳት አንድ ሰዓት ካስተማርኩ በኋላ የሻይ እረፍት ሆነ፤ አዘጋጆቹ ለስላሳና ዘይት የጠጣ ቦንቦሊኖ ደረደሩልን። ማንም አልሳቀም። እኔም ርቦኝ ስለነበር ሁለት በላሁ።

ራህማ የምትባለውን ሰልጣኝ ያወቅኋት ያኔ ነው። የሦስተኛ ክፍል መምህርት ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ እናቷ የድሬ ሰው። "ተማሪዎቼ ቁርሳቸው ለስላሳ ነው" አለችኝ። "ጣፋጭ ወደው ነው ብዬ ስቆጣቸው ከረምኩ። አንዷን ስጠይቃት ለካ የቤታቸው ውሃ ጨው ጨው ይላል።"

ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ አዳራሹ ውስጥ ያገኘሁት ራህማንና ዘበኛውን ብቻ ነው።

"ሲስተር፣ ፕሮግራሙን ማን ነው ያወጣው?"

"እኔ ነኝ፤ ድሬ ሆኜ።"

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ጫት ሰባት ሰዓት ላይ ይገባል። ከዚያ እስከ አሥራ አንድ የሚቅመው ይቅማል፣ የማይቅመው ይተኛል። እዚህ አገር በዚህ ሰዓት ቀብርም የለ!"

የከሰዓቱ ትምህርት ስለ ጫት ነበር። የድሬ ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ አሳፈረኝ። "ዳኮር?" አለች፤ በፈረንሳይኛ እንስማማ ማለቷ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ልንጀምር ተስማማን።

ሰኞ፤ ልምምድ

በፕሮግራሙ መሠረት ሰልጣኞቹ እውነተኛ ታማሚ ማነጋገር ነበረባቸው። ይመጣሉ የተባሉት ሦስት ሰዎች ቀሩ። በመኪናው ያደረሰኝ ግርማ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

"ጋሼ፣ ትንሽ ተቀመጥልን።"

"እንድትሰድቢኝ?"

"እኔ አልናገርም። ራህማ ናት የምታነጋግርህ።"

ተቀመጠ። ራህማ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

"ጋሽ ግርማ፣ ስለ ኪኒኑ ብንጨዋወት ይፈቅዱልኛል?"

ግርማ አየኝ፤ ከዚያ እሷን አየ። "ፈቅጃለሁ።"

"ሲወስዱት ምን ያደርግዎታል?"

"ሽንት ነዋ! እንደዋጥኩት በየሩብ ሰዓቱ ያስነሳኛል። በርጫ ላይ መሐል ተቀምጠህ አሥር ጊዜ የሰው እግር እየተሻገርክ ስትወጣ 'ግርማ ቧንቧው ተበላሸ' ይሉሃል።" ሰዉ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። "ኪኒኑን ተውኩት። በርጫውን መተው አልችልም። ፀሐይ ከሞተች ወዲህ ቤቴ በዚያ ሰዓት አያስቀምጠኝም።"

ፀሐይ ሚስቱ ናት። ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከቀብሯ ወዲህ ስሟን ሲጠራ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ራህማ ዝም ብላ ጠበቀችው። እኔ ብሆን በዚያች ዝምታ ውስጥ አምስት ምክር አስገባ ነበር። ቆይታ "በስንት ሰዓት ነው የሚውጡት?" አለችው።

"ከምሳ በኋላ። እንደዚያ ተብዬ ነው።"

"ማን አለዎት?"

በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

እውነቱን ነው። ኪኒኑ የታዘዘለት ጊዜ ደውሎ "መቼ ልዋጠው?" ሲለኝ ተራ የሚጠብቅ በሽተኛ ስለነበረብኝ "እንዳትረሳው ከምሳ ጋር አድርገው" ብዬ ስልኩን ዘግቻለሁ። ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን ጠዋት ቢወሰድ እንደሚሻል ማንም ጀማሪ ነርስ ያውቃል። ወንድሜ ግን አንዲት ቃሌን ሳያጎድል አክብሮ፣ በእሷው ምክንያት ሊሞትብኝ ነበር። አሥራ አራት ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

"ጎህ ሲቀድ ብውጠውስ?" አለ ግርማ። ራሱ ነው ያሰበው።

"አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ" አልኩት።

"አይ ሲስተር፣ አልናገርም ብለሽ አልነበር?" አለኝ ወንድሜ።

ማክሰኞ

በእረፍት ሰዓት ከግርማ ጋር ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። "ጠዋትማ የተሻለ ነው፤ ጫቱንም ቀንስ" አለው። ግርማ ስለ ጫቱ "አስብበታለሁ" አለ፤ እኔም አፌን ይዤ ቻልኩት። ሥልጠናው ሲያልቅ ሰልጣኞቹ መለኪያዎቹን ተከፋፈሉ። አንዱን ራህማ ወሰደች፤ የተማሪዎቿን ወላጆች ልትለካበት ነው።

ረቡዕ፤ ድንበሩ ላይ

ግርማ ጎህ ሲቀድ መኪና ተራ አደረሰኝ። አሁን ረፋዱ ላይ ፓስፖርቴን ይዤ ተሰልፌያለሁ፤ ከፊቴ አምስት ሰው፣ ከኋላዬ ሁለት ሕፃን ያቀፈች ሴት። ስልኬ ጮኸ፤ እሱ ነው።

"ኪኒኑን ውጫለሁ። ቢሮ ሳልገባ አራቴ ሽንት ቤት ተመላለስኩ፤ አሁን ተወኝ።" ቀጠለ፦ "እንግዲህ ምክርሽን ቀጥዪ።"

"ዛሬ የለኝም። እንዴት ነህ?"

"እንዴት ነህ ማለት?"

"እንዴት ነህ ነዋ፣ ጋሼ።"

እስኪመልስልኝ ሁለት ሰው አለፈ። "የፀሐይ ልብስ እንዳለ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው" አለኝ። "አንዳንዴ ከፍቼ አየዋለሁ። ምን ላድርገው?"

ለሰው ስጥ፣ ለቤተ ክርስቲያን አድርግ፣ ለእህቷ ላክላት፤ ሦስቱም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። ዋጥኳቸው።

"አንተ ምን ታስባለህ?"

ቀስ እያለ ስለ ልብሶቹ ያወራልኝ ጀመር፤ ከሠርጋቸው ቀን ቀሚሷ ተነስቶ። ተራዬ ደርሶ ኖሮ ፈታሹ በእጁ ጠራኝ። ከኋላዬ ያለችውን ሴት "እለፊ" አልኳት።