ያዘዝኩላቸው ወተት

ነቀምቴ ተመድቤ ስመጣ የአከርካሪ ቲቢን በዓይኔ አይቼ የምለይ ይመስለኝ ነበር። ጀርባውን ያመመው፣ የከሳ፣ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ገና ከበሩ ሲገባ እጄ ወደ ማዘዣው ወረቀት ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ልክ ነበርኩ። ያበላሸኝም ይኸው ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከአርጆ ገጠር መጡ፤ ወገባቸውን ይዘው፣ በልጃቸው ተደግፈው። አማርኛ ብዙም ስለማይሆንላቸው የምታስተረጉምልን ልጅቷ ነበረች። ራጁ ላይ ሁለት የጀርባ አጥንቶች ተበልተዋል። ቲቢ ነው አልኩ፤ ሌላ ምርመራ አልጠበቅኩም። መድኃኒቱን አስጀመርኳቸውና አቅም እንዲያገኙ ብዬ "ጠዋትና ማታ ወተት ይጠጡ" አልኳቸው።

ሁለት ወር ተሻላቸው። ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ። መድኃኒቱን አቋርጠው ነው ብዬ ልጅቷን ተቆጣኋት፤ ቁጣ ይቀድመኛል። ለካ አንድም ቀን አላቋረጡም። በአምስተኛው ወር እግራቸው አልንቀሳቀስ ብሎ በቃሬዛ መጡ።

ያን ቀን አብራኝ የነበረችው ነርስ፣ የከብት አርቢ ልጅ ናትና፣ እኔ ያላሰብኩትን በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው፦ ላሞችዎ ይጨነግፋሉ? እናትየው ሦስት ጣት አሳዩ። የሞቱትን ጥጆች በባዶ እጃቸው ስበው ያወጡት እሳቸው ነበሩ።

ደማቸው አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ። ብሩሴላ ሆኖ ተገኘ፤ ከታመመ ከብት፣ በጥሬ ወተትም ጭምር፣ ወደ ሰው የሚሻገር ተህዋሲ። ለቲቢ ካዘዝኳቸው መድኃኒቶች አንዱ እሱንም ስለሚያዳክመው ነው ያ ሁለት ወር ያታለለኝ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

መድኃኒቱ ተቀየረ፤ ትኩሳቱ ለቀቃቸው። እግራቸው ግን እንደሞተ ቀረ።

አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ፣ በልጅቷ አፍ፣ ጥፋቴን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ እጄን ይዘው "ገለቶሚ፣ ኢልመ ኮ" አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንባዬ ሳይቀድመኝ ወጣሁ።

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ።

"ዶክተር፣ ወተቱን ሳናፈላ ነው የሰጠናት። ሲፈላ ጉልበቱ ይሄዳል ብለን።"

"አፍሉት ያላልኳችሁ እኔ ነኝ" አልኳት።



"እማዬ ወተት አትወድም። ከድሮም አትወድም። እርስዎ ስላዘዙ ነው፤ አፍንጫዋን ይዛ ነበር የምትጠጣው።"